ያልጎደለ መለኪያ

ጎረቤታችን ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ይዞት ይዞር ነበር። ማኮሌት፣ የሰፈሩ ሱቅ፣ ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ያወጣዋል፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያወጣዋል፣ ደረጃ ላይ ሰው ሰላም ካለው ያወጣዋል። «ከጥናቱ የተሰጠኝ ነው፤ ዶክተር የፈረመበት ነው፤ የመጠጥ ችግር የለበትም ይላል» ይላል። ደብዳቤው ግን እንዲያ አይልም። የሚለው፣ በመጠይቁ መልስ መሠረት መስፈርቱን ስላላሟሉ በሕክምናው ቡድን ውስጥ አልተካተቱም ነው። እሱ ዕብራይስጥ ማንበብ ይከብደዋል። ያነበበለት ሰው አሳጥሮ «ችግር የለብህም ማለት ነው» አለው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አንባቢ አልፈለገም። እኔን ያንገበገበኝ ግን ይሄ አልነበረም። ያንገበገበኝ መጠይቁን የሞላሁት እኔ ራሴ መሆኔ ነው።

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል። እስራኤል አገር፣ ናታንያ ከተማ፣ ሺኩን ቫቲኪም በሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲያመጡን የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ አማርኛዬም ዕብራይስጤም አይታሙም። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ አንዲት ሐኪም በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ መጠጥ ሱስና ስለ ሕክምናው በምታካሂደው ጥናት ውስጥ ጠያቂ ሆኜ ገባሁ። የጥናቱ ጉዳይ ቀላል ነበር። ወገኖቻችን በዕብራይስጥ የሚሰጠውን ሕክምና ይጀምሩና ሁለት ሦስት ጊዜ ሄደው ይተዉታል። በአማርኛ፣ ከየሰፈሩ ሰው ጋር ቁጭ ብለው የሚታከሙበት ቡድን ቢኖር ይጸኑ ይሆን? ቡድኑ የሚይዘው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ማን እንደሚገባ የሚወስነው ደግሞ በመጠይቁ የሚያገኘው ነጥብ ነበር።

መጠይቁን ወደ አማርኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የሥራው ደንብ እንዲህ ነው፦ አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ዕብራይስጡን ሳያይ አማርኛውን መልሶ ወደ ዕብራይስጥ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። የእኔ ሲታይ እንከን አልተገኘበትም። ሐኪሟ «እንዲህ የጠራ ሥራ አይቼ አላውቅም» ስትለኝ ልቤ አብጦ ሰነበትኩ። እናቴ እንኳ «ምነው ዛሬ እግርሽ መሬት አልነካ አለ?» ብላኛለች።

ከዚያ ቤት ለቤት መዞር ነው። ቦርሳዬን አንግቼ፣ ሊፍት በሌላቸው ሕንጻዎች አራተኛ ፎቅ ድረስ እየወጣሁ አንኳኳለሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ አባቴን ያውቁታል፣ እቀመጣለሁ። «በሚጠጡበት ቀን ስንት መለኪያ ይጠጣሉ?» እላለሁ።

«አንድ።»

«ሁልጊዜ አንድ ነው?»

«አንድ ነው እንጂ ልጄ። ኸአንድ በላይ ምን ያደርግልኛል?»

ቀጣዩም ቤት አንድ፣ ከዚያ ቀጣዩም አንድ። መጀመሪያ እየዋሹኝ ነው ብዬ ነበር። ግን የሚዋሽ ሰው ያስታውቃል፤ እነዚህ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የሚናገሩት። ሌላውን ጥያቄ ደግሞ አልደበቁም። ጠዋት እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ፣ ከሥራ ቀርተው እንደሚያውቁ፣ ልጆቻቸው እንዳኮረፏቸው ሳላባብላቸው ነግረውኛል። መጠኑ ላይ ስንደርስ ግን አንድ። ነጥቡ በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከመጠኑ ነበር። ሐኪሟ ወረቀቶቹን አገላብጣ «ሕዝብሽ በልክ ነው የሚጠጣው» አለችኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፣ አልዋሽም። ስለ እኛ ጥሩ ነገር በወረቀት ላይ ሲሰፍር በየቀኑ አይታይም።

ጎረቤታችን የሚኖረው ከእኛ አንድ ፎቅ በላይ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ሰባቱን የሐዘን ቀን ከቤታችን ያልተለየ፣ ወንበር ሲያወጣና ሲያገባ የከረመ ሰው ነው። ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ወጥ ቤት ዕቃ ያጥብ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ሳያስታውቅ ከሥራ ቀርቷል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሳህን ቁልል ይዞ ወድቋል፤ ኃላፊው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል። የሰፈሩ ክሊኒክ፣ የኩፓት ሖሊም ሐኪሙም የጉበት ምርመራውን አይቶ ካልተውክ አትሰነብትም ብሎታል። በዕብራይስጥ የሚሰጠውን ሕክምና ሞክሮት ነበር። «እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ በምን እንደምንስቅ ግን አላውቅም» ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተወው።

በአማርኛ ቡድን ሊከፈት ነው ሲባል እኔ ዘንድ የመጣችው ሚስቱ ናት። «እንደምንም አስገቢልኝ፤ አንችን ይሰማል» አለችኝ። እሱም እምቢ አላለም። ጎረቤት እንጂ ዘመድ ስላልነበረ እኔ ልጠይቀው ደንቡ ይፈቅድ ነበርና ጠየቅኩት። እሱም እንደ ሌላው «አንድ መለኪያ» አለኝ፣ ጻፍኩ፣ ነጥቡ አልሞላም፣ ደብዳቤው ሄደለት።

ደብዳቤው ከደረሰ ከሳምንት በኋላ ሚስቱ ሁለት እጇን ዕቃ ሞልታ ደረጃ ላይ አገኘችኝ። ልቀበላት እጄን ብዘረጋ አልሰጠችኝም።

«አንች ልጅ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«እሳቸው ያሉኝን ነው የጻፍኩት፣ እትዬ።»

«ያሉሽን! እኔ የማየውንሳ? ዱሮ ስቆጣው አፍሮ ዝም ይለኝ ነበር። አሁን ወረቀቱን አውጥቶ ያነብልኛል። ማንበብ የማይችል ሰው፣ ያነብልኛል!» ዕቃውን አስቀመጠችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሥራው ሊሄድ ነው። ጉበቱ ሊሄድ ነው። የዚያን ጊዜ ያን ወረቀትሽን አብረን እንቀብረዋለን።»

ቤቴ ገብቼ የእሱን መጠይቅ ከቅጂው ፋይል አወጣሁና ደጋግሜ አነበብኩት። ቃሉ ሁሉ ልክ ነው፣ ድምሩ ልክ ነው፣ ሰውየው ግን እየሞተ ነው። የሆነ ቦታ ስሕተት አለ፤ የት እንደሆነ ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደምቆጣ እንኳ ስላላወቅኩ ለእናቴ አመናጭቄ መለስኩላትና ሌላ ጸጸት ጨመርኩ።

ያገኘሁት በሰንበት ነው። ከጸሎት በኋላ እናቴ ዘንድ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ጠላ ነበር፣ የማሳልፈው እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእንግዳ ብርጭቆ ሁለት ጣት ያህል ሲጎድል ይሞላል። እስኪያልቅ ከተጠበቀ ነውር ነው፤ ቤቱ አጥቷል፣ ወይም እንግዳው በቃህ ተነሣ ተብሏል ማለት ነው። ትንሽ ሆኜ ጨዋታ አዳምጬ ከዘነጋሁ የእናቴ ዓይን ከወዲያ ማዶ ይቆነጥጠኝ ነበር። እንግዳውም አይጠይቅም፣ አሳላፊዋም አትጠይቅም። እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ያን ቀንም ከአጠገቤ ለተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እየቀዳሁ ሳለ፣ ለእኚህ ሰውዬ ስቀዳ ይሄ ስንተኛዬ ነው? የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አላውቅም። እሳቸው ያውቃሉ? እሳቸውማ ከመጡ ጀምሮ ያንኑ አንድ ብርጭቆ ነው የያዙት!

እጄ እንደቀጠለ ጠላው ሞልቶ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። «ምነው ልጄ፣ ጠላ አጠጭኝ እንጂ አጥምቂኝ አልኩሽ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ፎጣ ልፈልግ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሁሉም እውነታቸውን ነበር። ተነሥቶ ሌላ ብርጭቆ የሚያመጣ፣ የጨረሰውን አስቀምጦ ሁለት፣ ሦስት ብሎ የሚቆጥር ሰው ነው ያን ጥያቄ የሠራው። የእኛ ሰው ብርጭቆ አይጨርስም፤ ስለዚህ አይቆጥርም። የማያውቅ ቢሳሳት አይገርምም። እኔ ግን በዚህ እጄ ስቀዳ አድጌ፣ በዚሁ እጄ «አንድ» እያልኩ ስንቱን ቤት ዞርኩ! አፍሬ ነበር፤ ግን ከኀፍረቱ ይልቅ እልሁ በለጠብኝ።

በማግስቱ ቢሯችን ሄድኩ። ቢሮው ኢር ያሚም፣ አዲሶቹ ረጃጅም ፎቆች መካከል ነው። ሐኪሟ ሳትቀመጥ ጀመርኩባት። ሰምታ ስትጨርስ፣

«አንቺ ይህን አታውቂም ነበር?» አለችኝ።

«አውቀው ነበር። ወረቀት ስይዝ ረሳሁት።»

ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ደንብ አክባሪ ነበረች። በጥናት መካከል ጥያቄ እንደማይለወጥ፣ ከተለወጠ ሁሉም ሰው እንደገና መጠየቅ እንዳለበት፣ ለዚያም የኮሚቴ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አስረዳችኝ።

«እንደገና እጠይቃቸዋለሁ» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ደረጃው የሚያልቀው በእኔ ጉልበት ነው።»

ፈገግ አለች፤ ግን አልለቀቀችኝም። አንቺ ስላልሽኝ ብቻ ለኮሚቴ አላቀርብም፣ መጀመሪያ አንድ ቤት ቁጭ ብለሽ፣ አይተሽ፣ ለክተሽ አምጪልኝ አለችኝ። ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቀችኝ፤ ሰዎቹ የምጽፈውን ዐውቀው ይፈርሙ፣ ለእኛ ሲባል ደግሞ ማንም ሰው አንዲት ጠብታ መጠጥ እንዳይጠጣ። ስለ ጎረቤቴ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጠየቅኳት። የተለካው መስፈርቱን ካሟላ ስሙን አስገባለሁ አለችኝ። ዝርዝሩ የሚዘጋው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። የምለካው ቤት የማን እንደሚሆን ያን ጊዜውኑ ቆርጬ ነበር።

ሰውየው ግን ወይ ፍንክች። መጀመሪያ ስወጣ ደብዳቤውን አሳየኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ጥያቄውን አበላሽቼዋለሁ አልኩት። «አንችማ ተምረሽ የመጣሽ ነሽ፤ አልተበላሸም» ብሎ ሸኘኝ። ሁለተኛ ስወጣ በሩን በግማሽ ከፈተው። «የተፈረመ ነገር አይፈርስም» አለኝ። ደረጃውን ስወርድ አለቀስኩ፤ አልቅሼም ተናደድኩ። ሦስተኛ ስወጣ ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አላነሣሁም።

«ጋሼ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ ሰባቱን ቀን ቤታችን ነበሩ። አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ። አንድ መለኪያ ከሆነ አንድ ብዬ እንደገና እጽፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ደጅዎን አልረግጥም።»

«ይሁን፤ በሴደር» አለ። «አንድ ነው፤ ታይዋለሽ።»

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ እሱ ከሥራ ሲመለስ ሄድኩ። የሐምሌ ሙቀት ነው፤ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አየር የለውም። ባዶውን የዐረቄ ጠርሙስ አጥቤ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውኃ ሞላሁትና የሁልጊዜዋ መለኪያው አጠገብ አስቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ ለሁለቱም ነገርኳቸው። «እንደ ሌላው ቀን ይሁን፤ እኔ የማየው አቀማመጡንና አቀዳዱን ነው፤ ያየሁትንም እጽፋለሁ» አልኳቸው። ሁለቱም ፈረሙ። እሱ እየሳቀ ነው የፈረመው። «ውኃ ሊያሰክረኝ! ይች ልጅ የማታመጣው የለ» አለ።

ሚስቱ ምስር የተሞላ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ መልቀም ጀመረች። ጨው የበዛበት የሱፍ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለ ሆቴሉ ጠየቅኩት፤ ደስ ብሎት ጀመረ። ሰው ሠርግ ተጠርቶ ምግቡን ሳይነካ እንዴት እንደሚመልስ፣ ኃላፊው ሲቆጣ እንዴት እንደሚንተባተብ፣ የሳህን ማጠቢያው ማሽን በተበላሸ ቀን ሁሉንም በእጁ እንዴት እንደተወጣው አጫወተኝ። ሲያወራ የሚጣፍጥ ሰው ነው። በየመካከሉ ይጎነጫል። እሷ ቀና አትልም፤ ምስሯን እየለቀመች እጇ ይሄዳል፣ ጠርሙሱን ያነሣል፣ የእሱን መለኪያ ይሞላል፣ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት አውቃው ይሆናል። በኋላ ግን እሱም እኔም ከነወረቀቴ ተረሳናት። እኔ በቀዳች ቁጥር አንድ አንድ ጭረት እጭራለሁ። አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ቀና ብል ፊቴ የሚያስታውቅብኝ መሰለኝ።

ሰዓቱ ሲሞላ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት መለኪያ ጠጡ?» አልኩት።

«አንድ» አለ። መለኪያዋን አነሣና አሳየኝ። «ኧረ እሱንም አልጨረስኩት።»

እውነቱን ነው፤ መለኪያዋ እስከ አፏ ሙሉ ነበረች። ጠርሙሱን ወስጄ ፊቱ አስቀመጥኩት። ከግማሽ በታች ወርዷል። ወረቀቴንም አጠገቡ አደረግኩ። ጭረት ማንበብ ዕብራይስጥ አይጠይቅም። አንድ በአንድ በጣቱ ሄደባቸው፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ሙቀት ነው» አለ። «ሙቀት ነው እንዲህ ያስጠጣኝ። ውኃ እኮ ነው።»

ሚስቱ ሰፌዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ሙቀት?» አለች። «በጥር ብርድስ ይኸንኑ ያህል አይዶለም የምቀዳልህ?» ብላ ጮኸችና ወዲያው ድምፅዋ ተቋረጠ። የራሷን እጅ ታየው ጀመር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጻፊ። እኔ ነኝ የቀዳሁት ብለሽ ጻፊ። ደረጃ ላይ ይዤሽ አንችን ስሰድብሽ፣ ለካ ቤቴ ገብቼ በጄ የምሞላለት እኔ ነኝ። ጻፊ እንጂ!» ታለቅስ ነበር።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ልላት ፈለግኩ፤ ግን በእኛ ቤት ያን ያህል ዓመት ስሞላ የኖርኩት እኔም ነኝ። ብዕሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። በወረቀቴ ላይ ለእንዲህ ዓይነት መልስ የተተወ ቦታ አልነበረም።

ሰውየው መለኪያዋን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋት። ጥቂት ውኃም ፈሰሰ። «እሷን አትጻፊ» አለኝ። «እሷ ቤቷን ነው ያከበረች። የጠጣሁ እኔ ነኝ።»

ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቼ ወርጄ ከአንድም ሰው አፍ ያልሰማሁት ቃል ነው። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ሥራዬ ጥያቄ ነውና ጥርሴን ነክሼ ጠየቅኩት።

«ስንት ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ?»

ጠርሙሱን አየው፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ።

«የጎደለውን ሁሉ ጻፊ» አለ። «ጽፈሽ ስትጨርሽ ክቩጻው፣ የአማርኛው ቡድን፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ንገሪኝ። ለመናሄሉ፣ ለኃላፊዬ፣ እውነቱን ነግሬ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ።»